ዳኮታ፦ አብራሪዎች የሚወዱት ሽማግሌ አውሮፕላን

አንድ ገበሬ ሞፈሩ ሲሰበር ሌላ ይቆርጣል። ማረሻው ሲያልቅ ባለ እጅ ዘንድ ወስዶ ያስቀጠቅጣል፤ ወይም አዲስ ይገዛል። ድግሩም፣ ወገሉም፣ ቀንበሩም በየተራ ይለወጣሉ። እንዲህ ሆኖ ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ «ይህ የእርሻ ዕቃ የአባቴ ነው» ይላል። አልዋሸም። ክፍሎቹ ተለዋውጠዋል፤ ዕቃው ግን ሥራውን አላቋረጠም።

በሰማይ ላይም እንዲህ ያለ ዕቃ አለ። የፋብሪካ ስሙ ዲሲ 3 የሚባል አውሮፕላን ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው ግን ዳኮታ በሚለው ስሙ ነው። መጀመሪያ ከተሠራ ወደ 90 ዓመት ሆኖታል። ዛሬም ቢሆን ጥቂቶቹ ይበራሉ። ያበረሩት ሰዎች ስለ ዳኮታ ሲያወሩ የሰማ ሰው፣ ስለ ብረት ሳይሆን ስለ አንድ ደህና በቅሎ የሚያወሩ ይመስለዋል።

ለምን ወደዱት? ዕድሜውስ እንዴት ረዘመ? አሮጌ ዕቃ መያዝ ጥቅም የሚሆነው መቼ ነው? አደጋ የሚሆነውስ መቼ ነው? የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል አይደለም። ማረሻ ቢሰበር እርሻው ለአንድ ቀን ይቆማል። አውሮፕላን በሰማይ ላይ ቢሰበር ግን ሰው ያልቃል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንመልከት። ከዚህ በታች የምንጽፈው ዓመተ ምሕረት በእኛ አቆጣጠር ነው። የፈረንጆች ሲሆን ለይተን እንናገራለን።

ዳኮታ እንዴት ተሠራ?

ዳኮታን የሠራው በአሜሪካ አገር፣ በካሊፎርኒያ የነበረው የዳግላስ ፋብሪካ ነው። የመጀመሪያው የበረረው በታኅሣሥ ወር 1928 ዓ.ም. ነበር። በዚያን ጊዜ ሰው በአውሮፕላን መሄድ ገና አልለመደም። አየር መንገዶችም ከመንገደኛ በሚያገኙት ገንዘብ ብቻ መኖር አቅቷቸው ነበር። ፖስታ እያመላለሱ መንግሥት በሚከፍላቸው ገንዘብ ይደጎሙ ነበር። ዳኮታ ግን 21 ሰው ጭኖ ወጪውን ከመሸፈን አልፎ ማትረፍ ቻለ። ስለዚህ አየር መንገዶች ተሻሙበት።

ዳኮታ ሁለት ሞተር አለው። አንዱ በግራ ክንፍ፣ አንዱ በቀኝ ክንፍ ላይ ነው። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 29 ሜትር ይሆናል። ርዝመቱ ወደ 20 ሜትር ይጠጋል። ከ25 ኩንታል በላይ ጭነት መያዝ ይችላል። በአንድ ሰዓት ወደ 300 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በቀን 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ እግረኛ በአሥር ቀን የሚጨርሰውን መንገድ፣ ዳኮታ በአንድ ሰዓት ይጨርሰዋል ማለት ነው።

ከዚያ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። ጦር ሠራዊቱ ወታደርና ስንቅ የሚያመላልስለት ጠንካራ አውሮፕላን ፈለገ። ስለዚህ የዳኮታን ወለል አጠንክረው፣ በሩን አስፍተው በብዛት ሠሩት። በአሜሪካ አገር ብቻ ከ10,000 በላይ ተሠራ። ሶቪየት ኅብረት በፈቃድ ወደ 5,000 የሚጠጉ ሠራች። ጃፓንም ወደ 500 የሚጠጉ ሠርታለች። ግንቦት 29 ቀን 1936 ዓ.ም. የአሜሪካና የእንግሊዝ ጦር ፈረንሳይ አገር ሲገባ፣ ወታደሮችን በጃንጥላ ያወረዱት ዳኮታዎች ከ800 በላይ ነበሩ።

ጦርነቱ ሲያልቅ በሺህ የሚቆጠር አውሮፕላን ሥራ ፈቶ ቆመ። ዋጋውም ረከሰ። ብዙ አገሮች እነዚህን እየገዙ የሰላም ጊዜ አየር መንገድ አቋቋሙባቸው። ከነዚህ አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች።

ወደ አገራችን ሲመጣ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተቋቋመው ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ነው። ሥራ የጀመረባቸው አምስት አውሮፕላኖች ሁሉም ከጦርነቱ የተረፉ ዳኮታዎች ነበሩ። የመጀመሪያው የውጭ አገር በረራ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ በአሥመራ በኩል አልፎ፣ ካይሮ ገባ።

በእነዚያ አውሮፕላኖች ውስጥ ዛሬ የምናየው ዓይነት ምቹ ወንበር አልነበረም። በግራና በቀኝ ግድግዳ ሥር መቀመጫ ተዘርግቶ ነበር። መንገደኛው ፊት ለፊት እየተያየ ይቀመጣል። መካከሉ ላይ ደግሞ ጭነት ይታሰራል።

ያን ጊዜ በአገራችን የመኪና መንገድ ጥቂት ነበር። ያለውንም ክረምት ሲገባ ወንዝና ጭቃ ይዘጋዋል። በዚህ ላይ ተራራው አለ፤ ገደሉ አለ። ከአንዱ አውራጃ ወደ ሌላው በበቅሎ ለመድረስ ሳምንታት ያስፈልጉ ነበር። ዳኮታ ይህን ሁሉ ከላይ እያለፈ፣ ወደ ጎንደር፣ ወደ ላሊበላ፣ ወደ አክሱምና ወደ ሌሎችም ቦታዎች ለብዙ ዓመታት ተመላልሷል። ኢትዮጵያውያን አብራሪዎችም ሙያቸውን ያዳበሩበት አውሮፕላን ነው። ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1957 የአየር መንገዱ የመጀመሪያ ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ሲሆኑ፣ የያዙት ይህንኑ ዳኮታን ነበር።

አብራሪዎች ለምን ወደዱት?

ምክንያቱ ብዙ ነው። ዋና ዋናዎቹን አራት እንቁጠር።

አንደኛ፣ ዳኮታ ሜዳ አይመርጥም። አስፋልት አይጠይቅም። ደረቅ ሣር ወይም ጠጠር ሜዳ ይበቃዋል። ሁለቱ ትልልቅ ጎማዎቹ ከፊት ናቸው፤ ሦስተኛዋ ትንሽ ጎማ ከጭራው ሥር ናት። ስለዚህ መሬት ላይ ሲቆም አፍንጫው ወደ ሰማይ ያያል። መንገደኛው ከኋላ በር ገብቶ ወደ ወንበሩ የሚሄደው ሽቅብ እየወጣ ነው። ይህ ለመንገደኛ አይመችም። ነገር ግን በሞተሩ ፊት የሚሽከረከሩት ስለቶች ከመሬት ከፍ ስለሚሉ፣ ሣርና ድንጋይ አይመታቸውም።

ሁለተኛ፣ ዳኮታ ታጋሽ ነው። ክንፉ ሰፊ ስለሆነ በዝግታ ሲሄድም አየሩ ይሸከመዋል። ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 110 ኪሎ ሜትር እስኪወርድ ድረስ አይወድቅም። በዝግታ የሚያርፍ አውሮፕላን ደግሞ አጭር ሜዳ ይበቃዋል። አንዱ ሞተር ቢጠፋ፣ ጭነቱ ልክ ከሆነ፣ በቀረው ሞተር እየበረረ ማረፊያ ይፈልጋል። ጎማዎቹ ሲታጠፉ እንኳን ጨርሰው አይሸሸጉም፤ ከታች ትንሽ ብቅ ብለው ይቀራሉ። ስለዚህ ጎማው አልዘረጋ ብሎ በሆዱ ቢያርፍ፣ ጉዳቱ ይቀንሳል። ይህ ማለት ግን ስንፍናን ይታገሣል ማለት አይደለም። ሲያርፍ ነፋስ ከጎን ቢመታው፣ ጭራው ዞሮ ሊያሽከረክረው ይችላል። አብራሪው እስኪቆም ድረስ ንቁ መሆን አለበት።

ሦስተኛ፣ ዳኮታ ለእጅ ይናገራል። የአብራሪው መሪ ከክንፉና ከጭራው ጋር የተያያዘው በብረት ገመድ ነው። ነፋሱ ጭራውን ሲገፋው አብራሪው በእጁ ይሰማዋል። ገበሬ እርፉን እንደያዘ፣ ማረሻው ድንጋይ መንካቱን ወይም ለስላሳ አፈር ውስጥ መግባቱን ሳያይ ያውቃል። የዳኮታ አብራሪም እንደዚሁ ነው። በዘመናዊ ትልልቅ አውሮፕላኖች ውስጥ ብዙውን ሥራ ኮምፒዩተር ያግዛል። ሥራው ይቀላል፤ እንደ ድሮው ግን በእጅ አይሰማም። ስለዚህ አዳዲሱን የሚያበሩ ሰዎች እንኳን ዳኮታን ይናፍቃሉ።

አራተኛ፣ ዳኮታ ይጠገናል። ውስጡ ያልተወሳሰበ ነው። መካኒክ ደረጃ አቁሞ፣ የሞተሩን ክዳን ከፍቶ፣ የተበላሸውን በዓይኑ ማየት ይችላል። ይህን የሚያስረዳ አንድ እውነተኛ ታሪክ አለ።

በግንቦት ወር 1933 ዓ.ም. ቻይና ከጃፓን ጋር በጦርነት ላይ ነበረች። አንድ ዲሲ 3 መሬት ላይ እንደቆመ የጃፓን ቦምብ ቀኝ ክንፉን አወደመው። በአካባቢው መለዋወጫ ክንፍ አልነበረም። የተገኘው የታላቅ ወንድሙ፣ የዲሲ 2 ክንፍ ነው። እሱም ያለው ሩቅ አገር፣ ሆንግ ኮንግ ላይ ነው። ታዲያ ሠራተኞቹ ያን ክንፍ ከሌላ አውሮፕላን ሆድ ሥር አሥረው አመጡት። ክንፉ በአንድ ሜትር ተኩል ያህል ያጥራል። ሆኖም ገጠሙት። አውሮፕላኑም አንዱ ክንፉ ረጅም፣ አንዱ አጭር ሆኖ ተነሥቶ በረረ፤ ሆንግ ኮንግም በደህና ገባ። አብራሪዎች «ዲሲ ሁለት ተኩል» ብለው ቀለዱበት።

ሲቀልዱም ነቀፋውን አልሸሸጉም። ዝናብ ሲዘንብ ውሃው በመስኮቱ ጠርዝ እየገባ የአብራሪውን ጉልበት ያርሰዋል። ጩኸቱ ጆሮ ያደነቁራል። ከመንቀጥቀጡ የተነሣ «ይህ አውሮፕላን አይደለም፤ በአንድነት የሚበሩ ብሎኖች ማኅበር ነው» ይሉ ነበር። እንዲህም እያሉ ደግሞ «ዲሲ 3ን የሚተካ ሌላ ዲሲ 3 ብቻ ነው» ይላሉ። ፍቅራቸው ጉድለቱን ያወቀ ፍቅር ነው።

ዕድሜው ለምን ረዘመ?

ዳኮታ ዝቅ ብሎ ነው የሚበረው። ትልልቆቹ ጄቶች ግን 10,000 ሜትርና ከዚያም በላይ ይወጣሉ። እዚያ ላይ አየሩ በጣም ስስ ስለሆነ ሰው መተንፈስ አይችልም። ስለዚህ በጄቱ ውስጥ አየር ይታመቃል። አውሮፕላኑ እንደተነፋ ስልቻ ይሆናል። ሲወርድ ደግሞ ይተነፍሳል። በወጣ በወረደ ቁጥር ይነፋል፤ ይተነፍሳል። ሽቦ ወዲያና ወዲህ ደጋግመን ስናጥፈው የኋላ ኋላ እንደሚበጠስ፣ ብረትም እንዲህ ሲመላለስበት ይደክማል። ለዓይን የማይታይ ስንጥቅ ያወጣል።

ይህ ወሬ ብቻ አይደለም። በ1946 ዓ.ም. ኮሜት የሚባሉ ሁለት የእንግሊዝ ጄቶች በሦስት ወር ልዩነት ኢጣልያ አጠገብ፣ ባሕር ላይ፣ በአየር ላይ ተበታተኑ። የተሳፈሩት ሁሉ ሞቱ። ጄቶቹ ያረጁ አልነበሩም፤ ገና አዲስ ነበሩ። ሲመረመር የአካላቸው ብረት ከመነፋትና ከመተንፈስ ብዛት ደክሞ መሰንጠቁ ታወቀ። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ጄቶች ይህን ትምህርት ይዘው ተጠናክረው ተሠርተዋል።

በዳኮታ ውስጥ ግን አየር አይታመቅም። አይነፋም፤ አይተነፍስም። በዚያ ላይ የሠሩት መሐንዲሶች የብረቱን ድካም አስልተው የሚያውቁበት መንገድ ገና ስላልነበራቸው፣ ክንፉን ከሚያስፈልገው በላይ አጠንክረው ሠሩት። ክንፉ ውስጡ በብዙ ክፍል የተከፋፈለ ነው። አንዱ ክፍል ቢጎዳ ሌላው ይሸከማል። ለዕድሜው መርዘም ትልቁ ምክንያት ይህ ነው።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር አለ። የዕቃ ዕድሜ የሚቆጠረው በዓመት ብቻ አይደለም። ምን ያህል ሠራ? ምን ተሸከመ? ምን ተደረገለት? ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ፍቅር ብቻውን አያበርርም

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። ዳኮታ እስከ ዛሬ የበረረው ስለተወደደ አይደለም። ስለተመረመረ ነው። አብራሪ የቱንም ያህል ቢወደው፣ የዛገ የብረት ገመድ ይበጠሳል። የቆሸሸ ዘይት ሞተር ይገድላል። ብረት ውለታ አያውቅም።

ስለዚህ እያንዳንዱ አውሮፕላን መዝገብ አለው። በመዝገቡ ውስጥ በየቀኑ የበረረው ሰዓት ይጻፋል። አብራሪው ያየው ብልሽት ይጻፋል። መካኒኩ ያደረገው ጥገና ይጻፋል። የተለወጠው ዕቃ ቁጥር ይጻፋል። ከሥሩም የሠራው ሰው ይፈርማል። ሞተሩ የተወሰነለትን ሰዓት ሲጨርስ፣ ደህና ቢመስልም ይወርዳል፤ ተፈታትቶ ይታያል፤ ያለቀው ይለወጣል። አንድ ዳኮታ በዕድሜው ብዙ ሞተር ይለውጣል። ልክ እንደ ገበሬው ሞፈርና ማረሻ ነው።

በአውሮፕላን ጥገና ቤት አንድ ደንብ አለ፦ ያልተጻፈ ሥራ እንዳልተሠራ ይቆጠራል። መካኒኩ «ትናንት አጥብቄዋለሁ፤ አስታውሳለሁ» ቢል አይበቃውም። ጽፎ መፈረም አለበት። ምክንያቱም መካኒኩ ሥራ ይለውጣል፤ ይሞታል፤ ይረሳል። መዝገቡ ግን ከአውሮፕላኑ ጋር ከአገር አገር ይሄዳል። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለዚህም ይሠራል።

የዚህን ደንብ ክብደት በደንብ እናስብ። ሳያይ «አይቻለሁ» ብሎ የሚፈርም መካኒክ፣ የማያውቃቸውን ሰዎች ሕይወት በአንድ ፊርማ አሳልፎ ሰጠ ማለት ነው። መዝገብ የሚጠቅመው እውነት ሲጻፍበት ብቻ ነው። ስለዚህ «አሮጌ አውሮፕላን አደገኛ ነውን?» ብለው ለሚጠይቁ መልሱ ይህ ነው፦ ያረጀና በእውነት የተመዘገበ አውሮፕላን ሊታመን ይችላል። መዝገቡ የጠፋ ወይም የተዋሸበት አውሮፕላን ግን አዲስ ቢሆንም ያስፈራል።

ሁሉም ነገር ጊዜ አለው

ዳኮታን ብንወደውም ጉድለቱን መሸፈን የለብንም። ጥቂት ሰው ብቻ ይጭናል። ቀርፋፋ ነው። ከመጥፎ ደመና በላይ ለመውጣት ይቸገራል። በአገራችን ደግሞ ከ4,500 ሜትር በላይ የሚደርሱ ተራሮች አሉ። ሌላው ችግር ነዳጁ ነው። የድሮው የዳኮታ ሞተር የሚሠራው ልዩ በሆነ ቤንዚን ነው። ጄቶች ግን የሚያቃጥሉት የላምባ ዓይነት ነዳጅ ነው። ጄት እየበዛ ሲሄድ ያ ቤንዚን እየጠፋ፣ እየተወደደ መጣ።

ስለዚህ አየር መንገዶች ዳኮታን ለጄትና ለሌሎች አዳዲስ አውሮፕላኖች አስረከቡት። የኢትዮጵያ አየር መንገድም ዳኮታን መጠቀም ካቆመ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ትክክል ነው። ረጅም መንገድ፣ ብዙ ሰው፣ ጥሩ ሜዳ ባለበት አዲሱ ይበልጣል። ዕቃን መውደድ ማለት ከማይችለው ሥራ ላይ ማዋል ማለት አይደለም። ያረጀ በሬ የሚወድ ገበሬ ዳገት አያሳርሰውም።

ሆኖም በዓለም ላይ አዲሱ አውሮፕላን የማይመችበት ቦታ አሁንም አለ። በኮሎምቢያ አገር መንገድ ወደሌላቸው የጫካ መንደሮች ምግብና ዕቃ በዳኮታ ሲመላለስ ኖሯል። በካናዳ ሰሜን፣ በረዶ በበዛበት አገርም እንዲሁ። በአሜሪካ ዊስኮንሲን በምትባል ግዛት ደግሞ አንድ ፋብሪካ ከ1980ዎቹ ጀምሮ አሮጌ ዳኮታዎችን እያደሰ ይሸጣል። አካሉን አንድ ሜትር ያህል ያስረዝመዋል፤ የድሮውን ሞተር አውጥቶ የላምባ ዓይነት ነዳጅ የሚያቃጥል አዲስ ሞተር ይገጥምለታል። በዚህ ዓይነት የታደሱት ዳኮታዎች የበረዶ መንሸራተቻ ተደርጎላቸው፣ በደቡብ ዋልታ አካባቢ የሳይንስ ሰዎችን ያመላልሳሉ። በዚያ ቀዝቃዛ ምድር አስፋልት የለም፤ ቋሚ ነዋሪም የለበትም። ለሩጫ የተሠራው ጄት የማይደፍረውን ያልተደላደለ በረዶ ሽማግሌው ያርፍበታል።

ለእኛ ምን ይጠቅመናል?

ብዙዎቻችን አውሮፕላን የለንም። ነገር ግን የውሃ ፓምፕ፣ የወፍጮ ሞተር፣ የመድኃኒት መርጫ ወይም የእርሻ ዕቃ ያለን አለን። እነዚህ ሁሉ ዕድሜ አላቸው። የፓምፑ ዘይት መቼ እንደተለወጠ በቃል ብቻ ብንይዘው፣ አንዱ «በመስከረም ነው» ይላል፤ ሌላው «በኅዳር ነው» ይላል። በመካከሉ ሞተሩ ይነክሳል። ማሳው በድርቅ ቀን ውሃ ያጣል።

አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ይህን ያድናል። እንዲህ ብለን እንጻፍ፦

«መስከረም 5፦ የፓምፑ ዘይት ተለወጠ።
ጥቅምት 12፦ ማጣሪያው ታጠበ።
ኅዳር 3፦ ቺንጋው ላልቷል፤ መለወጥ አለበት።»

ከጎኑም የሠራው ሰው ስሙን ይጻፍ። ሥራው ይህን ያህል ነው። ይህ ትንሽ ደብተር ለዕቃችን የአውሮፕላኑን መዝገብ ያህል ያገለግላል። የትኛው ዕቃ ገና እንደሚሠራ፣ የትኛው መሸኘት እንዳለበት የሚነግረን እሱ ነው። ዕቃን በስሜት ብቻ ብንይዝ፣ ወይ ደህናውን እንጥላለን፣ ወይ የሞተውን ታቅፈን እንቀራለን።

አብራሪዎች ዳኮታን በልባቸው ወደዱት። ያኖረው ግን የመካኒኮቹ እጅና የመዝገቡ ጽሑፍ ነው።

እስቲ እንወያይ

1. አብራሪዎች ዳኮታን የወደዱባቸውን አራት ምክንያቶች ተናገሩ።
2. የኮሜት ጄቶች አዲስ ሆነው ሳለ ለምን ተሰበሩ?
3. «ያልተጻፈ ሥራ እንዳልተሠራ ይቆጠራል» የተባለው ለምንድን ነው?
4. በቤታችሁ ወይም በመንደራችሁ ካሉት ዕቃዎች መዝገብ የሚያስፈልገው የትኛው ነው? ዛሬ የምትጽፉበትን የመጀመሪያ መስመር በደብተራችሁ ላይ ጻፉ።